«ፍላጎቴ የራሴ ነው ወይስ የጓደኞቼ?»

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬንም አልጠላውም። ከሁለት ዓመት ወዲህ የምውለው ከአዳዲስ ጓደኞች ጋር ነው። ሁሉም የየራሳቸውን ቢዝነስ ከፍተዋል። አሁን እኔም ለቅቄ የራሴን ልጀምር ነው፤ መልቀቂያዬን ጽፌ ጨርሻለሁ። ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። የድሮ ጓደኞቼ ማስተርስ ሲማሩ እኔም «የሕይወቴ ህልም ነው» ብዬ ተምሬ ነበር። ጠዋት መሮጥ የጀመርኩት አንዷ ጓደኛዬ ስለምትሮጥ ነው፤ እሷ ስታቆም አቆምኩ። ለመሆኑ የራሴ የምለው ፍላጎት አለኝ? «ሰው ማለት የቅርብ አምስት ጓደኞቹ አማካይ ነው» ሲባልም ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ጓደኞቼን መቀየር አለብኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ መልቀቂያውን ካላስገባሽው ለጥቂት ሳምንታት መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። አትልቀቂ ማለቴ አይደለም። ግን ጥያቄሽ ውስጥ የተጠላለፉ ነገሮች ስላሉ መጀመሪያ እነሱን እንፍታ። እኔ የምክር አገልግሎት የምሰጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ይህን ጥያቄ በተለያየ መልኩ ብዙ ሰው ይዞልኝ ይመጣል። አብዛኛው የሚመጣው ግን ከለቀቀ፣ ካገባ ወይም ዲግሪውን ከያዘ በኋላ ነው። አንቺ ቀደም ብለሻል።

የአምስቱን ሰዎች ነገር ቶሎ እንዝጋው። አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በጂም ሮን ስም ነው። ሮን አሜሪካዊ የማነቃቂያ ንግግር አቅራቢ እንጂ ተመራማሪ አልነበረም። አምስት የሚለው ቁጥር ከጥናት አልመጣም፤ አማካይ የሚለውም እንዲሁ። የሒሳብ ሰው ነሽና በሚቀጥለው ጊዜ ይህን የሚነግርሽን ሰው ምን ከምን ጋር ተደምሮ ለአምስት እንደሚካፈል ጠይቂልኝ።

እኔ ከዚህ ይልቅ የምወደው የራሳችንን ተረት ነው። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች። ሁላችንም ስቀንበታል፤ ልብ ብለን ግን አልሰማነውም። አህያዋ አስተማረቻት አይልም። መከረቻት፣ ገፋፋቻት፣ አስገደደቻት አይልም። አብራ ዋለች ነው የሚለው። የሰው ተጽዕኖ ባብዛኛው እንዲህ ነው የሚሠራው፤ በምክር ሳይሆን በውሎ። «ውሎ» የሚለውን ቃል ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ማስረጃው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አሜሪካ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ በ1948 የተጀመረ ትልቅ የልብ ጤና ጥናት አለ። ኒኮላስ ክሪስታኪስና ጄምስ ፋውለር የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚያ የ12,067 ሰዎችን የ32 ዓመት መረጃ ወስደው በ2007 አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጓደኛው ከልክ በላይ የወፈረ ሰው እሱም የመወፈር ዕድሉ በ57 በመቶ ከፍ ይላል አሉ። ለወንድምና እህት 40፣ ለባልና ሚስት 37 በመቶ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቤት ከሚኖሩት ይልቅ ጓደኛ በለጠ። «ውፍረት ይጋባል» የሚለው ዜና ዓለምን አዳረሰ።

ግን ተጠንቀቂ። ጓደኛሞች የሚመሳሰሉት በሦስት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሰው ሲጀመር የሚመስለውን ይመርጣል። ወይም ሁለቱም የሚኖሩበት አካባቢ አንድ ስለሆነ አንድ ላይ ይለወጣሉ። ወይም ደግሞ በእርግጥ አንዱ ከሌላው ይወስዳል። ሦስቱን ከውጭ ሆኖ መለየት በጣም ከባድ ነው። በ2008 ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ተመሳሳዩን የስሌት መንገድ ተጠቅመው ብጉር፣ ራስ ምታትና ቁመት በጓደኛሞች መካከል «ሲጋቡ» አሳዩ። ቁመት! ረጅም ጓደኛ ስለያዘ የረዘመ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አካባቢን የሚመለከቱ ነገሮች ስሌቱ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ መጋባቱ ደበዘዘ።

ይህን የማነሳው ላንቺም ስለሚሠራ ነው። ከነዚህ ከአዳዲሶቹ ጓደኞችሽ ጋር እንዴት ተዋወቅሽ? ከተማው ሁሉ ነጋዴ ስለሆነ አይመስለኝም። ከብዙ ሰው መካከል እነሱ ጋ ያቆመሽ ነገር ይኖራል። ምናልባት ፍላጎቱ ቀድሞ ውስጥሽ ነበረ፤ እነሱን የመረጣቸውም እሱ ነው። እነሱ አመጡብሽ ብለሽ ከመደምደምሽ በፊት ይህን አስቢበት። ከሁለት ዓመት በፊት የጻፍሻቸው መልእክቶች፣ ያስቀመጥሻቸው ማስታወሻዎች ካሉ ዞር ብለሽ እያቸው። ትዝታ ይዋሻል፤ የተጻፈ ነገር ያን ያህል አይዋሽም።

ምርጫና መጋባትን ለመለየት የሚያስችል ጥሩ ዘዴ ጓደኛን በዕጣ ማደል ነው። እንዲህ ያለ ዕድል አልፎ አልፎ ይገኛል። ዳርትመዝ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጅ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን ዶርም የሚደለድለው በዕጣ ነበር። ብሩስ ሳሰርዶት የተባለ ኢኮኖሚስት ውጤቱን በ2001 አሳተመ። የዶርም ጓደኛ ነጥብን በመጠኑ ያንቀሳቅሳል፤ የተማሪዎች ማኅበር ውስጥ የመግባት ውሳኔንም ይነካል። የትምህርት ዘርፍ ምርጫ ላይ ግን ተጽዕኖው አልታየም። አብሮን የሚያድር ሰው የዕለት ውሏችንን ይነካል፣ ትልቁን መንገድ ግን ሁልጊዜ አይቀይርም ማለት ነው።

ቢገርምሽ እኔ ራሴ የዚህ ጥናት ተቃራኒ ነኝ። ሥነ ልቦና የገባሁት ከዶርም ጓደኛዬ ላለመለየት ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። እሱ በሁለተኛው ዓመት ሰልችቶት ሌላ ትምህርት ክፍል ተዛወረ። እኔ ቀረሁ። ይኸው እስካሁን አለሁ። ታዲያ ይህ ሙያ የእኔ አይደለም ልበል?

ወደ ጓደኛ መቀየሩ እንምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ያለው ማስረጃ በጣም ያስተምራል። ሳሰርዶትና ሁለት ባልደረቦቹ የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ውስጥ አንድ ሙከራ አደረጉ። ቀደም ያለው መረጃ ደካማ ተማሪ ከጎበዞች ጋር ሲመደብ እንደሚሻሻል ያሳይ ነበር። እነሱም ይህን ይዘው ደካሞቹ ብዙ ጎበዝ ያለበት ቡድን ውስጥ እንዲገቡ ሆን ብለው ደለደሉ። በ2013 የታተመው ውጤት የተገላቢጦሽ ነበር። ደካሞቹ በተለመደው አመዳደብ ከተመደቡት እኩዮቻቸው የባሰ ውጤት አመጡ። ለምን? ቡድኑ ውስጥ ሲገቡ ጎበዙ ከጎበዝ፣ ደካማውም ከደካማ ጋር ገጠመ። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ጎራ ሆነ። በወረቀት ላይ አብረው ነበሩ፤ ውሏቸው ግን ለየብቻ ነበር።

ስለዚህ «ራስህን በስኬታማ ሰዎች ክበብ» የሚለውን ምክር ስሰማ ትከሻዬን ነው የምነቀንቀው። ሰው የቤት ዕቃ አይደለም፣ አስወጥተሽ በአዲስ የምትተኪው። አዲሱ ክበብ ውስጥም ገብተሽ የምትጠጊው ያው የለመድሽውን ዓይነት ሰው ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የድሮ ጓደኞች የያዙት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ከዛሬው ምኞትሽ በፊት የነበርሽውን አንቺን ያውቋታል። እነሱን ቆርጦ መጣል ማስረጃ ማቃጠል ነው። የሚያስፈራራሽ፣ ገንዘብሽን የሚበላ፣ ለመተው የምትታገይውን ሱስ እጅሽ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ራቂው፤ ጥናትም አያስፈልገውም።

እሺ፣ ውሎ ሰውን የሚቀይረው በምን በኩል ነው? ባብዛኛው «ይህ የተለመደ ነው» የሚለውን ልክ በማንቀሳቀስ። ካሊፎርኒያ ውስጥ 290 ቤቶች ላይ የተደረገ በ2007 የታተመ ሙከራ አለ። በየቤቱ በር ላይ የቤቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታና የጎረቤቶቹ አማካይ ተጽፎ ተሰቀለ። ብዙ የሚያባክኑት ቀነሱ። የሚገርመው ግን ቆጣቢዎቹ ጨመሩ! ማንም ጨምሩ አላላቸውም። ልኩ የት እንዳለ ስላዩ ብቻ ወደዚያ ተንሸራተቱ። ቁጥሩ ሥር የፈገግታ ምልክት የተደረገላቸው ቆጣቢዎች ግን ባሉበት ጸኑ። አንዲት ትንሽ ፈገግታ፣ «ባለህበት ጥሩ ነህ» የምትል።

በዓመቱ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እዚያው ካሊፎርኒያ ሰዎችን ለምን ኤሌክትሪክ እንደሚቆጥቡ ጠየቀ። ለአካባቢ ብለው፣ ለማኅበረሰቡ ብለው፣ ገንዘብ ለማዳን ብለው እንደሆነ መለሱ። የጎረቤት ነገር መጨረሻ ላይ ነበር። ከእውነተኛው ባሕርያቸው ጋር በጣም የተያያዘው ግን ጎረቤቶቻቸው ያደርጋሉ ብለው ያሰቡት ነገር ሆኖ ተገኘ። ይህን ግኝት ለደንበኞቼ ሁሉ እነግራለሁ። ተጽዕኖ ሲያርፍብን አይሰማንም። የሚሰማን የራሳችን ምክንያት ነው። «የሕይወቴ ህልም ነው» ብለሽ ማስተርስ ስትማሪ አልዋሸሽም። በጊዜው እንደዚያ ነበር የተሰማሽ።

ምኞት ላይ ስንደርስ ግን ነገሩን ከሌላ ወገን ማየት አለብን። ማንም ሰው ያላየውን አይመኝም። በ2019 የታተመ ጥናት 1.2 ሚሊዮን የሚሆኑ የአሜሪካ ፈጣሪዎችን መረጃ መረመረ። የአንድ ዓይነት ቴክኖሎጂ ፈጣሪዎች በሚበዙበት አካባቢ ያደገ ልጅ ራሱም በዚያው ዘርፍ የፈጠራ ባለቤትነት መብት የማግኘት ዕድሉ ከፍ ይላል። ልጃገረዶች ላይ ይህ የሚታየው ሴት ፈጣሪዎችን እያዩ ሲያድጉ ነው፤ ወንድ ፈጣሪዎችን ማየት አይተካውም። ሌሎች ሰዎች የምኞት ዝርዝሩን ያቀርቡልናል፤ እኛ ከሱ እንመርጣለን። ማንም ሳያሳየው፣ ከባዶ፣ ከውስጡ ብቻ ምኞት ያፈለቀ ሰው ካወቅሽ ንገሪኝ።

ለዚህ ነው «ፍላጎቴ የራሴ ነው ወይስ የሰው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ የማያራምደው። ከየት መጣ ካልሽ ከሰው ነው። የሁሉም ከሰው ነው። መጠየቅ ያለብሽ ከመጣ በኋላ ቤት ሠርቷል ወይስ እንግዳ ነው የሚለውን ነው። የእኔ ሙያ በሰው በኩል መጣ፣ ቤት ሠራ። ያንቺ ማስተርስስ? ዛሬ ትጠቀሚበታለሽ? እየተማርሽ ሳለ ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ ያላወቅሽበት ትምህርት ነበር? አንድ ሁለት እንኳ ካለ ህልሙ ሙሉ በሙሉ የሰው አልነበረም።

እዚህ ጋ ነው ወደ ውሎ የምመለሰው። ከጓደኞቻችን የምንወርሰው ብዙ ጊዜ የነገሩን ስም ነው፤ «ማስተርስ አለኝ»፣ «የራሴ ቢዝነስ አለኝ» የሚለውን። ስም ይጋባል። ውሎው ግን አይጋባም፤ ብቻሽን ነው የምትኖሪበት። ስለዚህ «ባለቢዝነስ መሆን እፈልጋለሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። «የባለቢዝነስ ማክሰኞን እፈልጋለሁ?» በይ። ጠዋት ደንበኛ ስልክ አያነሳም። እኩለ ቀን ላይ ዕቃ አቅራቢው ቀኑን ያራዝማል። ማታ ሁሉም ሲተኛ አንቺ ደረሰኝ ትለያለሽ። ከዚህ ውስጥ ሳታስቢው የምትሠሪው፣ እንዲያውም የሚያዝናናሽ ክፍል አለ? ወይስ የሚያምርሽ ቅዳሜ ማታ ስለሱ የሚወራው ወሬ ነው?

ይህን ለማወቅ መገመት አያስፈልግሽም። ከጓደኞችሽ አንዱን ወይም አንዷን ምረጪና አሰልቺውን ሥራ ለጥቂት ቀናት አብረሽ ሥሪ። የሒሳብ ባለሙያ እርዳታ አልፈልግም የሚል ጀማሪ ነጋዴ ያለ አይመስለኝም። ሂሳቡን ስታዪ ደግሞ ወሬው ውስጥ ያልነበረ ብዙ ነገር ታያለሽ። ስትጨርሺ ለየብቻቸው አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ «እስካሁን ካለፉት ወራት የከፋው የቱ ነበር?» በቡድን ሆነው ሳሉ አትጠይቂ፤ አይነግሩሽም።

ለምን በቡድን እንደማይነግሩሽ የሚያስረዳ የ1993 ጥናት አለ። ዲቦራ ፕረንቲስና ዴል ሚለር የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለ መጠጥ ጠየቁ። ብዙዎቹ በግቢው መጠጥ ልማድ በግላቸው እንደማይመቻቸው ተናገሩ። ሌላው ተማሪ ግን በጣም የተመቸው ይመስላቸው ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ጨንቆታል፤ እያንዳንዱ ሌላውን አይቶ ይስቃል። ወንዶቹ ደግሞ ሴሚስተሩ እየገፋ ሲሄድ አመለካከታቸውን ወደዚያ ወደሌለው «የጋራ አስተሳሰብ» አስጠጉ። ያንቺም ክበብ ውስጥ በግሉ «ደሞዜ ናፈቀኝ» የሚል ሰው ላለመኖሩ ምን ዋስትና አለሽ?

ሌላው ሙከራ ዝም ማለት ነው። ለስድስት ሳምንት ስለ ዕቅድሽ ለማንም አታውሪ። አድናቆትም ሆነ ማስጠንቀቂያ ከማንም አትቀበዪ። ዕቅዱ ማውራቱን ሲያጣ የሚከስም ከሆነ ማውራቱ ነበር የሚያኖረው። ማንም ሳያውቅ ማታ ማታ ቁጥር እያሰላሽ ከተገኘሽ ሌላ ነገር ነው። ቀላል ሙከራ ይመስላል። ሞክሪውና ሦስተኛው ሳምንት ላይ ምን ያህል አፍሽን እንደሚበላሽ ታያለሽ።

ምናልባት ከዚህ ሁሉ በኋላ መልስሽ «አልለቅም» ይሆናል። ያኔ ከነሱ ጋር መዋል ሊከብድሽ ይችላል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያይ ብቻውን ወደ ሌላ የሚያይ ሰው ይሸማቀቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ ያሳየው ይህንኑ ነው። ተማሪዎች የመስመር ርዝመት እንዲያወዳድሩ ይጠየቃሉ። መልሱ ፊት ለፊት የሚታይ ነው። ከአንዱ በስተቀር ሌሎቹ ግን ስህተት እንዲመልሱ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ያ አንዱ ከመልሶቹ ሲሶ በሚሆኑት ላይ ከነሱ ጋር ተሳሳተ። አሽ ግን እዚያ አላበቃም። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን እንዲመልስ ሲያደርግ ስህተቱ ወደ ቀድሞው አንድ አራተኛ ወረደ። የባሰ ስህተት የሚናገር ሰው ቢሆን እንኳ፣ ከብዙኃኑ እስከተለየ ድረስ፣ ስህተቱ በእጅጉ ይቀንሳል። የሚያስፈልግሽ አዲስ አምስት ጓደኛ አይደለም። አንድ ሰው ነው። ቅጥር ላይ ሆኖ ደስ ብሎት የሚሠራ፣ ከአንቺ በዕድሜ ትንሽ የቀደመ አንድ ሰው በወር አንዴ ብታገኚ ይበቃሻል። መልስሽ «እለቃለሁ» ከሆነም ይህ ሰው ያስፈልግሻል፤ ያኔ የሚቃወምሽ ሆኖ።

ልማድን በተመለከተ ግን ምክሬ ሌላ ነው። ምኞት ላይ የሰውን እጅ ፈትሺ፤ ልማድ ላይ ግን ያለ ሐፍረት ተደገፊው። እነ ክሪስታኪስ በ2008 ማጨስን አጥንተው ነበር። ባል ወይም ሚስት ሲያቆም የሌላው የማጨስ ዕድል በ67 በመቶ፣ ጓደኛ ሲያቆም በ36 በመቶ ቀንሶ አገኙት። ቅድም ያነሳሁት ትችት ይህንንም ይመለከታል፤ ቁጥሩን እንደ ወርቅ አትያዢው። ግን በሥራዬ የማየው ነገር ከአቅጣጫው ጋር ይሄዳል። ብቻውን ከሚያቆመው ይልቅ ከሰው ጋር የሚያቆመው ይጸናል።

«እሷ ስታቆም አቆምኩ» ያልሽውን እንደ ድክመት ቆጥረሽዋል። እኔ እንደ መረጃ ነው ያነበብኩት። ከሰው ጋር ትሮጫለሽ፣ ብቻሽን አትሮጪም። በቃ፣ እንዲህ ዓይነት ሯጭ ነሽ። በአንድ ሰው ላይ ከማንጠልጠል ሁለት ሦስት ሰው ያለበት ቡድን ፈልጊ፤ አንዱ ቢቀር ሌላው እንዲኖር። ከዚያ በፊት ግን ለዚያች ጓደኛሽ ደውዪላት። ለምን እንዳቆመች ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? እሷም የምትሮጠው ሌላ ሰው ስለሚሮጥ ይሆናል።